መርማሪው ከመጽሐፍ ወደ ፊልም ሲሻገር

«ሃርድ ቦይልድ» በሚባለው የአሜሪካ የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ ያለው መርማሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንቆቅልሽ የሚፈታ ሊቅ አይደለም። በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ደንበኞቹ የሚዋሹት፣ ፖሊስ የሚጠረጥረው፣ ጉልበተኞች የሚደበድቡት የከተማ ሰው ነው። እውነቱ ላይ የሚደርሰው በር እያንኳኳ፣ ሰው እየተከታተለ፣ የተነገሩትን ውሸቶች እርስ በርስ እያጋጨ ነው። አንባቢም ከእሱ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር የለም። መርማሪው ያየውን ያያል፣ የሰማውን ይሰማል፣ ሲታለልም አብሮት ይታለላል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ለፊልም የተመቸ ይመስላል። ተኩሱ፣ ክትትሉ፣ የሌሊቱ ጎዳና፣ አጭርና ስለታም የሆነው ምልልስ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የሆሊውድ ታሪክ ግን ሥራው ቀላል እንዳልነበረ ይመሰክራል። አንድ ስቱዲዮ አንድን መጽሐፍ ከ1931 እስከ 1941 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሦስት ጊዜ ፊልም አድርጎት፣ በክብር የሚታወሰው ሦስተኛው ብቻ ነው። ሦስተኛውን ከቀደሙት የለየው የመርማሪው አንጻር ነው፦ ተመልካቹ ማንን እየተከተለ፣ ምን ያህል እያወቀ፣ ምን እየተሰወረበት ታሪኩን እንደሚያይ የሚወስነው ነገር። የመርማሪ ልብ ወለድን ወደ ፊልም ማሻገር ከሁሉ በፊት ይህን አንጻር ማሻገር ነው።

ከርካሽ መጽሔት የተነሣ ጥበብ

ዘውጉ ያደገው በርካሽ ወረቀት ይታተሙ በነበሩ መጽሔቶች ነው። ከእነሱ መካከል ስመ ጥሩው በ1920 የተመሠረተው «ብላክ ማስክ» ነበር። ጆሴፍ ሾው በ1926 የመጽሔቱን አዘጋጅነት ከያዘ በኋላ ቁጥብ ቋንቋና ፈጣን ድርጊት የሚወዱ ደራስያን በዙሪያው ተሰባሰቡ። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣው ዳሺየል ሃሜት ነው።

ሃሜት በ1894 በሜሪላንድ ግዛት ተወለደ። በ1915 ፒንከርተን በተባለው የግል መርማሪ ድርጅት ተቀጠረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ውትድርና ገብቶ በሳንባ ነቀርሳ ታመመ። ጤናው ለክትትል ሥራ አልበቃ ሲለው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ያዘ። የመርማሪ ሪፖርት የታየውንና የተሰማውን ይመዘግባል፤ ሰውየው በልቡ ምን እንዳሰበ አይገምትም። ይህ ልማድ በሃሜት ድርሰት ውስጥ ጥበብ ሆነ።

ጥበቡ ጫፍ የደረሰው «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» (የማልታው ጭልፊት) በተባለው ረጅም ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ ከሴፕቴምበር 1929 እስከ ጃንዋሪ 1930 በ«ብላክ ማስክ» በተከታታይ ወጥቶ በዚያው በ1930 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። የሳን ፍራንሲስኮው መርማሪ ሳም ስፔድ አንድን ሰው እንዲከታተልላት የምትለምን ወጣት ሴት ቢሮው ትመጣለች። በዚያው ሌሊት የሥራ ሸሪኩ ማይልስ አርቸር ተተኩሶበት ይሞታል። ቆይቶ ሴትዮዋ፣ ጆኤል ካይሮ የተባለ ሰውና ካስፐር ጉትማን የተባለ ወፍራም ሀብታም ሁሉም አንድ ዕቃ እንደሚፈልጉ ይታወቃል። ዕቃው በ16ኛው መቶ ዘመን የማልታ ባላባቶች ለስፔኑ ንጉሥ የላኩት፣ በወርቅና በዕንቁ የተሠራ የጭልፊት ሐውልት ነው ይባላል። በመጨረሻ የተገኘው ሐውልት ሐሰተኛ ይሆናል። አርቸርን የገደለችውም ያችው ደንበኛ፣ ብሪጂድ ኦሾነሲ ናት፤ ስፔድ የወደዳት ቢሆንም ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣታል።

ሃሜት ይህን ሁሉ በሦስተኛ መደብ ሲተርክ ወደ ማንም ገጸ ባሕርይ ሐሳብ አንድም ጊዜ አይገባም። ስፔድ ስለ ሸሪኩ ሞት የሚሰማበት ክፍል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ስልክ ይጮኻል፤ የአልጋ ሽቦ ይንቃቃል፤ ጣቶች እንጨት ላይ ይዳስሳሉ፤ አንድ ትንሽ ዕቃ ምንጣፍ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ የሰው ድምፅ ይሰማል። ስፔድ ደነገጠ፣ አዘነ ወይም ተናደደ የሚል ቃል የለም። ቀጥሎ በጥንቃቄ ሲጋራ ሲጠቀልል እናያለን። አንባቢው ከእጆቹ እርጋታ የፈለገውን ይተረጉማል። ሃሜት የጻፈው፣ ካሜራ ሊያየውና ማይክሮፎን ሊሰማው የሚችለውን ብቻ ነው።

ሁለት ሙከራዎች

ዋርነር ብራዘርስ የመጽሐፉን የፊልም መብት የገዛው ገና እንደታተመ ነበር። የመጀመሪያው ፊልም በሮይ ዴል ሩት ተዘጋጅቶ በ1931 ወጣ። ሴራው ከመጽሐፉ ብዙም አይርቅም፤ የተለወጠው ስፔድ ነው። ሪካርዶ ኮርቴዝ የተጫወተው ስፔድ ዘወትር ፈገግታ የማይለየው ሴት አሳዳጅ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢው ይህን ሰው ማመን እንዳለበትና እንደሌለበት እስከ መጨረሻው አያውቅም፤ በፊልሙ ግን የስፔድ ልብ ከመጀመሪያው የተገለጠ ነው። መደምደሚያውም ለስልሷል። ስፔድ እስር ቤት ሄዶ ሴትዮዋን ይጠይቃታል፤ በአቃቤ ሕግ ቢሮ የመርማሪዎች አለቃ ሆኖ መሾሙንም ይነግራታል።

ስቱዲዮው በ1936 ፊልሙን እንደገና ሊያሳየው ሲፈልግ ሌላ እንቅፋት ገጠመው። የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በ1930 የተጻፈ ቢሆንም በጥብቅ መሠራት የጀመረው ከ1934 ወዲህ፣ በጆሴፍ ብሪን ኃላፊነት ነው። የ1931ዱ ፊልም በአዲሱ ቁጥጥር ማለፍ አልቻለም። ስለዚህ ያው ታሪክ «ሴይተን ሜት ኤ ሌዲ» በሚል ርእስ ወደ ቀልድ ተለውጦ በዊልያም ዲተርለ አዘጋጅነት ተሠራ። ጭልፊቱ በጌጣጌጥ የተሞላ ጥንታዊ መለከት ሆነ፤ ጉትማን አሮጊት ሴት ሆነ፤ የመርማሪው ስምም ተቀየረ። ቤቲ ዴቪስን የመሰለች ተዋናይ እንኳ ፊልሙን ልታድነው አልቻለችም። የሃሜት ገጸ ባሕርያት የሚያስፈሩት ለሚፈልጉት ነገር ሲሉ ሰው ስለሚገድሉ ነው። ፊልሙ ራሱ በፍለጋው ሲስቅ ተመልካቹ የሚሰጋበት ምክንያት ያጣል።

ሂውስተን መጽሐፉን ሲያምነው

ሦስተኛውን ፊልም የሠራው ጆን ሂውስተን በዋርነር የፊልም ጽሑፍ ደራሲ ሆኖ ይሠራ የነበረ፣ ዳይሬክተርነትን ገና የሚሞክርና 35 ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ለመጀመሪያ ሥራው ሁለት ጊዜ የወደቀውን ታሪክ መረጠ። መንገዱ ቀላል የሚመስል፣ ግን ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፦ የሃሜትን ትዕይንቶች በቅደም ተከተላቸው ይዞ፣ ምልልሱንም በአብዛኛው እንዳለ መውሰድ። ከቀረጻው በፊት የእያንዳንዱን ምስል ንድፍ በእጁ ሣለ። ጆርጅ ራፍት የስፔድን ሚና አልቀበልም ስላለ ዕድሉ ለሃምፍሪ ቦጋርት ደረሰ። የመጽሐፉ ስፔድ ጸጉረ ወርቃማ ነው፤ ቦጋርት ጠቆር ያለ ጸጉር ያለው አጠር ያለ ሰው ነው። ሆኖም ሐሳቡን ከፊቱ ላይ ማንበብ የማይቻል ተዋናይ በመሆኑ ለመጽሐፉ መንፈስ ከማንም ይልቅ ቀረበ። የመልክ ልዩነቱ ምንም አላጎደለም።

የስልኩ ትዕይንት ሂውስተን መጽሐፉን እንዴት እንዳነበበው ያሳያል። ካሜራው በአልጋው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛና ከበስተጀርባው ያለውን መስኮት ይዞ ቆሟል። ስልኩ ይጮኻል፤ አንድ እጅ ስልኩን ከምስሉ ውጭ ይወስደዋል። ካሜራው አይከተለውም። ነፋስ የመስኮቱን መጋረጃ ሲያንቀሳቅስ እያየን የስፔድን ድምፅ ብቻ እንሰማለን። በዚያ ቅጽበት ሌላ ዳይሬክተር የተዋናዩን ፊት አቅርቦ ሊያሳይ፣ ሐዘኑንም በሙዚቃ ሊያደምቅ ይችል ነበር። ሂውስተን ግን ሃሜት የደበቀውን ደበቀ።

ፊልሙ ለዚህ አንጻር ያለው ታማኝነት እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ስፔድ የሌለበት ብቸኛው ትዕይንት የአርቸር ግድያ ነው። አርቸር በሌሊት ከአንድ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ፊቱን ወደ ካሜራ አዙሮ ይቆማል፤ ሽጉጥ የያዘ እጅ ወደ ምስሉ ይገባል፤ ገዳዩ አይታይም። ተመልካቹ ግድያውን አየ፣ ግን ከስፔድ የበለጠ አላወቀም። ምስሉም ፍንጭ ያስቀምጣል፤ አርቸር ከፊቱ የቆመውን ሰው አልፈራም። ስፔድ በመጨረሻ ብሪጂድን የሚያጋልጠው በዚሁ ነው፦ ልምድ ያለው መርማሪ ሽጉጡን ሳያወጣ፣ ካፖርቱን እንደቆለፈ ጨለማ ውስጥ የሚገባው ከሚያምነው ሰው ጋር ብቻ ነው። ሂውስተን በመጽሐፉ የሌለ ትዕይንት ሲጨምር እንኳ ለመጽሐፉ አመክንዮ እየሠራ ነበር።

የካሜራ ባለሙያው አርተር ኤድሰን በዚህ ላይ የራሱን ጨመረ። ጉትማንን የተጫወተው ሲድኒ ግሪንስትሪት በ61 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም የሠራ የመድረክ ተዋናይ ነበር። ጉትማን የጭልፊቱን ታሪክ ሲያወራ ካሜራው ዝቅ ብሎ ከታች ወደ ላይ ያየዋል፤ ሰፊው ሆዱ ምስሉን ይሞላዋል፤ ጣሪያው ከራሱ በላይ ቀርቦ ይታያል። በዚህ መካከል ስፔድ የሚጠጣው መጠጥ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮበታል። የጉትማን ንግግር ረጅም ማብራሪያ ነው፤ በሌላ ፊልም ውስጥ ታሪኩን ሊያቆመው ይችል ነበር። እዚህ ግን ማብራሪያው ራሱ ወጥመድ ነው፤ ጉትማን የሚያወራው መድኃኒቱ እስኪሠራ ጊዜ ለማግኘት ነው።

የተቆረጠው ምን ነበር?

ታማኝነት ሁሉን መውሰድ አይደለም። ሂውስተን ከተዋቸው ክፍሎች ሁሉ የሚበልጠው ስፔድ ለብሪጂድ የሚነግራት የፍሊትክራፍት ታሪክ ነው። በታኮማ ከተማ የሚኖር አንድ የተደላደለ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ከግንባታ ላይ የወደቀ ብረት ሊገድለው ለጥቂት ይስታል። ሕይወት በአጋጣሚ የምትቋረጥ መሆኗን ሲረዳ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ሥራውን ጥሎ ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ ሲገኝ ሌላ ሚስት አግብቶ ያንኑ የድሮ ሕይወቱን የሚመስል ኑሮ እየኖረ ነው። ብዙ አንባብያን የመጽሐፉን ፍልስፍና የሚያገኙት እዚህ ነው። ፊልሙ የተወው ታሪኩ በሌላ ቦታና በሌላ ጊዜ ስለሚፈጸም፣ ከጭልፊቱ ፍለጋም ጋር በድርጊት ስለማይያያዝ ይመስላል። መጽሐፍ ለአንባቢው ቆም ብሎ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚሄድ 100 ደቂቃ ያህል የሆነ ፊልም ያን ያህል ጊዜ የለውም። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ሂውስተን ኪሳራውን የከፈለው ለፍጥነቱ ሲል ነው።

ከሌሎቹ ቁርጦች አንዳንዶቹ ከሥነ ምግባር ደንቡ የመጡ ናቸው። በመጽሐፉ ስፔድ የጠፋ የ1,000 ዶላር ኖት ለማግኘት ብሪጂድን ልብሷን አስወልቆ ይፈትሻታል፤ በ1941ዱ ፊልም ይህ የለም። የጉትማን ሴት ልጅም ወጥታለች። በመጽሐፉ ጉትማን በገዛ ጠባቂው ጥይት ሲሞት፣ በፊልሙ ሁሉም ተያዙ የሚል ወሬ ብቻ ይሰማል። መጽሐፉ የሚያልቀው በማግስቱ በቢሮ ነው። የብሪጂድን መያዝ ያልወደደችው ጸሐፊው ኤፊ ከስፔድ ትሸሻለች፤ እሱም ከሟች ሸሪኩ ሚስት ጋር ወደጀመረው አሰልቺ ግንኙነት ይመለሳል። ፊልሙ ግን ብሪጂድ በፖሊስ ታጅባ በአሳንሰር ስትወርድ ያበቃል፤ የአሳንሰሩ ብረት በር ፊቷ ላይ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ይዘጋል። ሃሜት የስፔድን ባዶነት ሲያሳይ ሂውስተን የብሪጂድን ዕጣ አሳየ። ምርጫው የፊልም ሰው ምርጫ ነው፤ የፍርዱ ክብደት ያለ አንድ ቃል ይታያልና።

ፊልሙ በምርጥ ፊልም፣ በተሻጋሪ የፊልም ጽሑፍና በግሪንስትሪት ረዳት ተዋናይነት ለኦስካር ታጨ። በ1989 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ 25 ፊልሞች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ።

«እኔ» የሚለው ተራኪ

የሃሜት መጽሐፍ ከውጭ የሚያይ በመሆኑ ለካሜራ ቅርብ ነበር። የሬይመንድ ቻንድለር መርማሪ ፊሊፕ ማርሎ ግን ራሱ «እኔ» እያለ ይተርካል። የቻንድለር ውበት ያለው በዚህ ድምፅ ውስጥ ነው። ድካሙ፣ ትዝብቱ፣ ስለ ሎስ አንጀለስ ሀብታሞችና ሌቦች ያለው ምሬት ሁሉ በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ይኖራል። ሴራውን ብቻ የወሰደ ፊልም ዋናውን ትቶ ይሄዳል። በ1940ዎቹ ለዚህ ችግር ሦስት መፍትሔዎች ተሞከሩ።

የመጀመሪያው የተራኪ ድምፅ ነው። ኤድዋርድ ድሚትሪክ በ1944 ከ«ፌርዌል ማይ ላቭሊ» በሠራው «መርደር ማይ ስዊት» ማርሎ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ በፖሊስ እየተጠየቀ ይጀምራል፤ ታሪኩን የሚናገረው ለመርማሪዎቹ ነው። ትረካው ምክንያት አገኘ። ማርሎ ተመትቶ ሲወድቅም ጥቁር ነገር መጋረጃው ላይ ይፈስሳል፤ ተመልካቹ አብሮት ራሱን ይስታል። በዚያው ዓመት ቢሊ ዋይልደር የጄምስ ኬንን «ደብል ኢንደምኒቲ» ሲሠራ የፊልም ጽሑፉን አብሮት የጻፈው ቻንድለር ራሱ ነበር። የመድን ሠራተኛው ቆስሎ ሌሊት ቢሮው ይገባና ወንጀሉን ለሥራ ባልደረባው በድምፅ መቅጃ ይናዘዛል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ስለታወቀ ተመልካቹ የሚከታተለው ሰውየው እንዴት ወደ ጥፋቱ እንደሄደ ነው። ቻንድለር የኬን ምልልስ ለዓይን እንጂ ለጆሮ እንዳልተጻፈ ተከራከረ፤ ተዋንያን ጮክ ብለው ሲያነቡት ቻንድለር ትክክል መሆኑ ታወቀ። በገጽ ላይ የሚያምር ንግግር በአፍ ሲነገር እንደገና መጻፍ ሊኖርበት ይችላል።

ሁለተኛው መፍትሔ ካሜራውን የመርማሪው ዓይን ማድረግ ነው። ሮበርት ሞንትጎመሪ በ1947 ለሕዝብ በቀረበው «ሌዲ ኢን ዘ ሌክ» ይህን ሞከረ። ማርሎ የሚታየው በመስታወት ሲያልፍና ለተመልካቹ በቀጥታ ሲናገር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ተዋንያን ወደ ሌንሱ እያዩ ያወራሉ። ሐሳቡ ለአንደኛ መደብ ትረካ ፍጹም ታማኝ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። አንባቢ ወደ ማርሎ ልብ የሚገባው በቃላቱ ነው፤ ተመልካች ግን ወደ ሰው የሚቀርበው ፊቱን በማየት ነው። መርማሪው ውሸት ሲሰማ ዓይኑ ምን እንደሚሆን ካልታየ አብሮ መጠራጠር ያስቸግራል።

ሦስተኛው መፍትሔ የሃዋርድ ሆክስ ነው። «ዘ ቢግ ስሊፕ» መጽሐፉ በ1939፣ ፊልሙ በ1946 ወጣ፤ የፊልም ጽሑፉን የጻፉት ዊልያም ፎክነር፣ ሊ ብራኬትና ጁልስ ፈርዝማን ናቸው። ሆክስ የተራኪ ድምፅ አልተጠቀመም። ቦጋርት በተጫወተው ማርሎ ላይ ካሜራውን አድርጎ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ተከተለው። የታመመው ጄኔራል ስተርንውድ በአበባ ማብቀያ የመስታወት ቤት ውስጥ ማርሎን ሲቀበል፣ ቻንድለር የገለጸው ሙቀት በፊልሙ በላብና በመሐረብ ይታያል። የተራኪው ስሜት ወደ ተዋናዩ አካል ተዛወረ።

የዚህ ፊልም ሴራ ግን ለመከተል ከባድ ነው። ቻንድለር መጽሐፉን የሠራው ቀደም ሲል ካሳተማቸው አጫጭር ታሪኮች ስለሆነ ስፌቱ በየቦታው ይታያል። የፊልሙ ሰዎች የስተርንውድን ቤተሰብ ሾፌር ማን እንደገደለው ደራሲውን ቢጠይቁት እሱም እንደማያውቅ መለሰ። ደንቡ ደግሞ የመጽሐፉን የወሲብ ሥዕሎች ንግድ በግልጽ ማንሣትን ከለከለ፤ የአንዳንዱ ግድያ ምክንያት ደበዘዘ። በ1945 የተጠናቀቀው ቅጂ በአቃቤ ሕግ ቢሮ ሴራውን የሚያብራራ ትዕይንት ነበረው። ለ1946ቱ ቅጂ ያ ትዕይንት ወጥቶ ቦጋርትና ሎረን ባኮል አብረው የሚታዩባቸው አዳዲስ ትዕይንቶች ገቡ። ሁለቱን ቅጂዎች ማነጻጸር አስተማሪ ነው፤ የቀደመው ይበልጥ ግልጽ፣ የኋለኛው ይበልጥ ሕያው ነው። ተመልካቹ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ማን ማንን እያታለለ እንደሆነ እስከተሰማው ድረስ የሴራውን ክፍተት ይታገሣል።

ዘመን ሲለወጥ

ሊ ብራኬት ከ27 ዓመት በኋላ ወደ ማርሎ ተመለሰች። ሮበርት አልትማን በ1973 ያዘጋጀውን «ዘ ሎንግ ጉድባይ» የፊልም ጽሑፍ የጻፈችው እሷ ናት። የቻንድለር መጽሐፍ የ1953 ነው፤ ፊልሙ ታሪኩን ወደ 1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ወሰደው። ኤሊዮት ጉልድ የተጫወተው ማርሎ የወዳጅነትን ቃል የሚያከብር፣ ቃሉን የሚያከብርለት ግን ያጣ ሰው ነው። ካሜራው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ ጸንቶ የሚቆም ነገር የለም። በመጽሐፉ ማርሎ የከዳውን ወዳጁን ዝም ብሎ ያሰናብተዋል፤ በፊልሙ ይገድለዋል። ብዙዎች ለውጡን እንደ ክህደት ቆጥረውታል። ሆኖም መጽሐፉ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ማለትም በተበላሸ ከተማ ውስጥ ታማኝነት ምን ያወጣል የሚለውን፣ ፊልሙ በራሱ ዘመን ቋንቋ ጠይቆታል።

ካርል ፍራንክሊን በ1995 የዋልተር ሞዝሊን «ዴቭል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ» ሲሠራ አንጻሩ ሌላ ክብደት አገኘ። በ1948 ሎስ አንጀለስ ሥራውን ላጣው ጥቁሩ ኢዚ ሮሊንስ (የተጫወተው ዴንዘል ዋሽንግተን ነው) ነጭ መርማሪ እንደልቡ የሚገባበት ቦታ ሁሉ አደጋ ነው። ነጮች የማይደርሱበት ሰፈር ግን ለእሱ ክፍት ነው። ካሜራው እሱን ሲከተል የከተማዋ የዘር ድንበር ያለ ማብራሪያ ይታያል።

በ1997 ደግሞ ከርቲስ ሃንሰንና ብራያን ሄልግላንድ በጣም የተወሳሰበውን የጄምስ ኤልሮይ «ኤል ኤ ኮንፊደንሻል» ወደ ፊልም ጽሑፍ ሲለውጡ ሦስቱን ፖሊሶች የማይመለከተውን ነገር ሁሉ በማውጣት ጀመሩ። ለሥራቸውም የተሻጋሪ የፊልም ጽሑፍ ኦስካር አገኙ። እዚህም ቁርጡን የወሰነው የማን ዓይን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ከእነዚህ ሥራዎች የሚወጣው ትምህርት ቅደም ተከተል አለው። አሻጋሪው አስቀድሞ መጽሐፉ በማን ዓይን እንደሚያይና ምን እንደሚደብቅ ይለያል። ቀጥሎ የመርማሪውን ውስጣዊ ሕይወት የሚሸከም ነገር ያገኝለታል፤ የተዋናይ ፊት፣ ምክንያት ያለው ትረካ፣ ወይም የካሜራ አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ምልልሱን ጮክ ብሎ በማንበብ በአፍ የማይኖረውን ያስተካክላል። ለቁርጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የትኛው ክፍል ለአንጻሩ እንደሚያስፈልግና የትኛው ያለ ጉዳት ሊወጣ እንደሚችል ያውቃል። ከሴራው የጀመረ ሰው የ1931ዱንና የ1936ቱን ዕጣ ሊደግም ይችላል፦ ሬሳዎቹን፣ ሽጉጦቹንና የጠፋውን ሀብት ይዞ መርማሪውን ይጥለዋል። ከአንጻሩ የጀመረ ግን መደምደሚያውን፣ ዘመኑን፣ የተዋናዩንም መልክ ቀይሮ መጽሐፉን ሊያድነው ይችላል። ለመርማሪ ልብ ወለድ ታማኝ መሆን ማለት ተመልካቹ ከመርማሪው ጋር እኩል እንዲያይ፣ እኩል እንዲጠራጠርና እውነቱም ሲገለጥ ዋጋውን አብሮ እንዲከፍል ማድረግ ነው።